ሌሊቱ የየትኛው ቀን ነው? የዕለት መነሻ በእስልምና ፊቅህ

በእስልምና አቆጣጠር አዲስ ቀን የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሐሙስ መግሪብ ሲደርስ የጁምዓ ሌሊት ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ተራዊሕም ከመጀመሪያው ጾም በፊት ባለው ምሽት ይሰገዳል። ምክንያቱ ጨረቃ ናት። አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ስለ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር በጻፈው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ዐረቦች ወራቸውን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው፤ አዲሷ ጨረቃ የምትታየው ደግሞ ፀሐይ እንደጠለቀች ነውና ወሩና ቀኑ አብረው ይገባሉ። ዋዜማ ቆሞ በዓል ለሚቀበል ኢትዮጵያዊ ክርስቲያንም ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ደንብ ለሁሉም ዒባዳ ወሰን ያበጃል ማለት አይደለም። ጾም የሚያዘው ፈጅር ሲወጣ ነው። ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን የዐረፋ ጉዳይ ነው። ሑጃጆች በዐረፋ የሚቆሙት በዙልሒጃ 9ኛው ቀን ነው። አንዱ መንገድ ላይ ዘግይቶ ከመግሪብ በኋላ ቢደርስስ? በተለመደው ስሌት 10ኛው ቀን ገብቷል። አራቱም መዝሀቦች ግን ፈጅር ሳይወጣ ለአፍታም ቢሆን በስፍራው ከተገኘ ዐረፋን አግኝቷል ይላሉ። አንዳንድ የሐነፊ ሊቃውንት ይህን ሲያስረዱ፣ በሐጅ ሥርዓት ሌሊት ያለፈውን ቀን ይከተላል ብለዋል። ብልህ ማብራሪያ ነው፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። የተራዘመው የግዴታው ማብቂያ እንጂ የቀኑ መነሻ አልተነካም። በዚያው ምሽት፣ ሐጅ ላይ ላልሆነ ሰው፣ በሻፊዒዮች ዘንድ የዒድ ተክቢራ ከመግሪብ ጀምሮ ይባላልና።

ዘካተል ፊጥርም እንዲሁ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ግዴታው የሚጸናው በረመዳን የመጨረሻ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ሲሆን፣ በሐነፊ የዒዱ ፈጅር ሲወጣ ነው። ሁለቱም መዝሀቦች በሚገኙበት ወሎ፣ በዒድ ዋዜማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በሁለት ጎረቤት ቤቶች ሁለት ሕፃናት ተወለዱ እንበል። የሐነፊው አባት ለልጁ ያወጣል፤ ሻፊዒው አይገደድም። የሁለቱም ሊቃውንት ቀኑ በመግሪብ መግባቱን አይክዱም። የተለያዩት ዘካው የተሰየመበት ፊጥር፣ ማለትም የጾሙ ፍቺ፣ መቼ ነው በሚለው ነው፦ ሻፊዒዮች የመጨረሻውን ጾም የሚያበቃውን መግሪብ ያዩ ሲሆን፣ ሐነፊዮች ወሩን ሙሉ ጾም ሲያዝበት የቆየው ፈጅር ያለ ጾም ሲወጣ ነው ፍቺ የሚሉት።