ቁልፉ ጠንካራ፣ በሩ ክፍት

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በታክሲ እየሄድኩ ነው። ስልኬ ጭኔ ላይ ነው። ጓደኛዬ ለማንም የማይነገር ጉዳይ፣ ምስጢር ይጠብቃል በተባለ አፕ ላከችልኝ። መልእክቱ መንገዱን ሁሉ ታሽጎ መጣና የተቆለፈው ስክሪኔ ላይ ቦግ አለ። ከጎኔ የተቀመጡት አባት ከእኔ ቀድመው አነበቡት። «አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል» አሉኝ።

ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ከነከነኝ። ምስጠራው አልተሰበረም፤ ምስጢሩ ግን ወጣ። እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ እንዳልሆነ የገባኝ ታሪኩን ወደኋላ ሄጄ ሳነብ ነው።

በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፊል ዚመርማን የተባለ አሜሪካዊ ኢሜይል የሚቆልፍ ፒጂፒ የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ በነፃ ለቀቀ። ያኔ የአሜሪካ ሕግ ጠንካራ ምስጠራን እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጥረው ስለነበር፣ ሰውየው «ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርገሃል» በሚል ጥርጣሬ ከ1993 ጀምሮ ተመረመረ። ፋይሉ በ1996 ያለ ክስ ተዘጋ። መንግሥትን ያሳሰበው ይህ መሣሪያ ግን ተራውን ሰው አስቸገረው። በ1999 አልማ ዊተንና ታይጋር የተባሉ ተመራማሪዎች ለ12 ሰዎች 90 ደቂቃ ሰጥተው በፒጂፒ ኢሜይል እንዲልኩ ጠየቋቸው። በትክክል የተወጡት ሲሶው ብቻ ነበሩ። 3ቱ ደግሞ ምስጢሩን ሳይቆልፉ ላኩት!

ትምህርቱን ወስደው የሠሩ መጡ። በ2010 ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ስቱዋርት አንደርሰን ቴክስትሴኪዩር የተባለውን የስልክ መልእክት መቆለፊያ አወጡ። የዛሬው ሲግናል የመጣው ከዚህ የዘር ሐረግ ነው። በ2016 ዋትስአፕ ያንኑ የሲግናል ምስጠራ ለሁሉም ተጠቃሚዎቹ ሲያዳርስ፣ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ቁልፍ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ መቆለፍ ጀመረ። ምስጢሩ ቀላል ነበር፦ መታወቂያችሁ ስልክ ቁጥራችሁ ሆነ።

ይኸው ቅለት ግን ዋጋ አለው። እኛ አገር ሲም ካርድ የሚወጣው በመታወቂያ ነው። ቁጥሬን የያዘ ስሜን ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። አንድ ስልክ ሲያዝ የግሩፑ ዝርዝር የሰዎች ዝርዝር ነው። ይህ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በ2014 በታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን ክስ ውስጥ የዲጂታል ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ሳይቀር ተጠቅሶ ነበር። በ2015 ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ፣ ሌሎቹ ከሽብር ክሱ ነፃ ተብለው ነው የወጡት። እንዲህ ባለ ቦታ ማን ከማን ጋር አወራ የሚለው ብቻውን ከወሬው ይበልጣል።

ሲግናል ቁጥርን ደብቆ በተጠቃሚ ስም (በእኛ ቋንቋ በዳቦ ስም በሉት) መገናኘት የፈቀደው በ2024 ነው። ተጠቃሚዎች ለዓመታት ወትውተው የመጣ ለውጥ ነው። ያኔም ቢሆን ለመመዝገብ ቁጥር መስጠት አልቀረም።

እንግዲህ ከታሪኩ ተነስቼ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተቆለፈ ስክሪን ላይ መልእክቱ አይታይ። ማሳየት የፈለገ ራሱ ይክፈተው እንጂ መደበቅ የፈለገ መቼት ውስጥ አይንከራተት። ሁለተኛ፣ ያለ ስልክ ቁጥር መመዝገብ ይቻል። «አጭበርባሪ ይበዛል» የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ቢሆንም መፍትሔው የሁላችንን መታወቂያ መያዝ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሦስተኛ፣ አዲስ ጨዋታ ስንጀምር አፑ «ይህ ወሬ ስንት ቀን ይቆይ?» ብሎ ይጠይቀን፤ እናቶቻችን በሚገባቸው ቋንቋ። ስልክ በተያዘ ቀን ያልተቀመጠ መልእክት አይነበብም።

ፒጂፒ የጎደለው ሒሳብ አልነበረም። የጎደለው ከጎኑ ተቀምጦ ሰው ሲቸገር የሚያይ ነበር። ታክሲ ውስጥ ያጋጠሙኝ አባት ደግ ሰው ሆነው «አይዞሽ» ብለውኝ ወረዱ። ሁልጊዜ ከጎናችን የሚቀመጠው ግን እንደሳቸው አይደለም።