እንግዳ በአባል ደጅ፦ የለንደን ክለቦች የቤት ደንብ፣ የቤተሰብ መዝናኛና የበጋ ወይን



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። የምናገረው ስለ ለንደን የአባላት ክለቦች ነው፤ ስለ ቤት ደንባቸው፣ ለቤተሰብ ስላሰናዱት መዝናኛና በበጋ ስለሚቀዳው ወይናቸው። ይሁን እንጂ ለታሪክ ተማሪ የአንድ መመገቢያ አዳራሽ ደንብ እንደ ማንኛውም ሕግ ሊመረመር የሚገባው ሰነድ ነው። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ከሁሉም በላይ ደንቡን ራሱን ማን እንደሚያወጣ ይነግረናልና። ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላሳስብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። «በጋ» ስልም የእንግሊዞቹን በጋ፣ ማለትም በእኛ ዘንድ ዝናብ የሚወርድበትን ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ወቅት ማለቴ ነው።

«ክለብ» የሚለው ቃል በአገራችን በቅድሚያ የሚያስታውሰው የእግር ኳስ ቡድንን ነው። ለዛሬው ጉዳይ ግን የሚቀርበን ምሳሌ የጽዋ ማኅበር ይመስለኛል። እርሱም አባላት አሉት፣ ደንብ አለው፣ የሚጠጣ አለው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የጽዋ ማኅበር በየወሩ ከአባል ቤት ወደ አባል ቤት ይዞራል፤ ተረኛው የሚደግሰው በቤተሰቡ መካከል፣ በቤቱ ሴቶች ሙያ ነው። የለንደኑ ክለብ በአንጻሩ ከአባላቱ ቤቶች ውጭ ሌላ ቤት ሠርቶ፣ ያንን ቤት ያለ ቤተሰብ ያቆመ ማኅበር ነበር። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል፦ ቤተሰብ ወደዚህ ቤት የገባው እንዴት ነው? ከገባስ በኋላ ምን ሆኖ ተቀመጠ?

ከጥንቶቹ መካከል «ዋይትስ» የተባለው ክለብ መነሻው ፍራንሲስ ዋይት በሚል ስም የታወቀ አንድ ጣሊያናዊ በ1693 የከፈተው የቸኮላታ መጠጫ ቤት ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ባለጸጎቹ ደንበኞች ከአላፊ አግዳሚው ተለይተው በሩን በአባልነት ዘጉት። ከናፖሊዮን ጦርነቶች ፍጻሜ በኋላ ደግሞ ክለቦች በብዛት ተመሠረቱ። የጦር መኮንኖቹ ዩናይትድ ሰርቪስ በ1815፣ ትራቨለርስ በ1819፣ አቴኒየም በ1824፣ ሪፎርም በ1836 ተቋቋሙ። ፖል ሞል በተባለው ጎዳና ላይ የቆሙት ሕንጻዎቻቸው ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ነበሩ። አርክቴክቱ ቻርልስ ባሪ የነደፈውና በ1841 የተከፈተው የሪፎርም ክለብ ሕንጻ አርአያው በሮም የሚገኘው የፋርኔዜ ቤተ መንግሥት ነው።

የዚህን ክለብ ወጥ ቤት ከ1837 እስከ 1850 የመራው ፈረንሳዊው አሌክሲስ ሶዬ ነበር። ሶዬ በጋዝ የሚነድ ምድጃን፣ ሙቀቱ የሚስተካከል መጋገሪያን፣ በቀዝቃዛ ውሃ የሚበርድ ማስቀመጫን በሥራ ላይ አዋለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዘውድ በጫነችበት ዕለት፣ ሰኔ 28 ቀን 1838፣ ክለቡ ገና በጊዜያዊ ቤት ሳለ ለ2,000 ሰዎች ቁርስ አዘጋጅቷል። መካከለኛ ገቢ ያለው ጠበቃ ወይም የሠራዊት መኮንን ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ብቻውን ሊያቆመው የማይችለውን ቤት ያገኝ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት፣ የተካነ ወጥ ሠሪ፣ የወይን ጓዳና አሽከሮች። «እንዲህ ያለ ቤት ያለው ወንድ ሚስት ለምን ያገባል? ያገባስ እንደሆነ ማታ ወደ ቤቱ ለምን ይመለሳል?» የሚለው ወቀሳ የዘመኑ መደበኛ ቀልድ ሆነ። ደግላስ ጄሮልድ በ1845 ፓንች በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ተከታታይ አድርጎ ያወጣው የወይዘሮ ኮድል የመኝታ ቤት ተግሣጽ አንባቢን ያሳቀው ይህን የሁለት ቤቶች ፉክክር ሁሉም ስለሚያውቀው ነው።

አሁን ወደ ደንቡ እንለፍ። የክለብ ደንብ የሚጀምረው ከምርጫ ነው። ዕጩ አባል በስውር ድምፅ ይመረጣል፤ ድምፁም የሚሰጠው በነጭና በጥቁር ኳስ ነበር። በአቴኒየም ከ10 ድምፅ አንዱ ጥቁር ከሆነ ዕጩው ይወድቅ ነበር። ትራቨለርስ ደግሞ ዕጩው ከለንደን በቀጥታ መስመር ቢያንስ 500 ማይል የተጓዘ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የውስጥ ደንቡ ይከተላል፦ ትንባሆ የሚጨስበት ክፍል የተለየ ነበር፤ ለአሽከር ጉርሻ መስጠት ክልክል ነው፤ ሥነ ሥርዓት የጣሰ አባል በኮሚቴ ፊት ይቀርባል። አባል ያልሆነ ሰው በደንቡ ቋንቋ «ባዕድ» ተብሎ ይጠራል፤ የሚስተናገደውም ለባዕዳን በተለየ ክፍል ነው። የአባል ሚስትና ልጅ ከዚህ ባዕድ እንኳ ያነሱ ነበሩ። ወንድ እንግዳ ቢያንስ በባዕዳን ክፍል ይመገባል፤ ለሴት እንግዳ ግን በአብዛኞቹ ክለቦች የተሰናዳ ክፍል አልነበረም።

ወይኑ ወደ ታሪካችን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1703 እንግሊዝ ከፖርቱጋል ጋር የተፈራረመችው የሜቱን ውል የፖርቱጋልን ወይን ቀረጥ ከፈረንሳዩ በሲሶ ዝቅ አደረገው። በዚህም ምክንያት ለመቶ ዓመታት ከዚያም በላይ የእንግሊዝ ማዕድ ወይን ፖርት የተባለው፣ በአልኮል የተጠናከረ ጣፋጭና ከባድ ወይን ሆነ። ፖርት የራት ማብቂያ መጠጥ ነው። በባለጸጎች ቤት ልማድ እራት ሲያበቃ ሴቶች ከማዕዱ ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳሉ፤ ወንዶቹም ፖርቱን ይዘው ይቀራሉ። እንግዲህ ክለብ ማለት ሴቶቹ ከተነሡ በኋላ ያለው ሰዓት ቋሚ ቤት ሲሠራለት ነው ማለት እንችላለን።

በ1860 ይህ መለወጥ ጀመረ። የሪፎርም ክለብ አባል የነበረው ሪቻርድ ኮብደን ከፈረንሳይ ጋር ባደረገው ድርድር የንግድ ውል ተፈረመ፤ የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊልያም ግላድስተንም በበጀቱ የወይን ቀረጥን ቀነሰ። አስቀድሞ በጋሎን ከ5 ሺሊንግ በላይ የነበረው ቀረጥ በ1862 ለቀላል ወይን 1 ሺሊንግ ብቻ ሆነ። በ1861 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ባለ ሱቆች ወይንን በነጠላ ጠርሙስ ለቤት ፍጆታ እንዲሸጡ ፈቀደ። ግላድስተን ወይን የባለጸጋ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፣ በምግብ ሰዓት በየቤቱ ይጠጣ የሚል ዓላማ ነበረው።

ከዚህ በኋላ ክላረት የሚባለው የቦርዶ ቀይ ወይንና ሆክ የሚባለው የራይን ነጭ ወይን የበጋ መጠጦች ሆኑ። በዚያው በ1861 በመጽሐፍ የታተመው የኢዛቤላ ቢተን የቤት አያያዝ መመሪያ የበጋ ክላረት አዘገጃጀትን ይሰጣል፦ አንድ ጠርሙስ ክላረት፣ አንድ ጠርሙስ ሶዳ ውሃ፣ የተከሰከሰ በረዶ፣ ስኳር፣ ጥቂት ገውዝ፣ ማራስኪኖ የተባለ የቼሪ አረቄ፣ በላዩም አረንጓዴ ቅጠል። የሚጠጣው በቀን፣ በሣር ላይ፣ ወንድና ሴት በአንድነት ባሉበት ነው። ቀረጡ ሴቶችን ወደ ክለብ አስገባ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድምዳሜ ማስረጃውን ያልፋል። ማለት የምፈልገው መጠጡና ጉባኤው አብረው ተለወጡ ነው። የሌሊቱ ፖርት ወንዶችን ለብቻ ሲሰበስብ፣ የቀኑ ክላረት ቤተሰብን ሰበሰበ።

በ1869 በፉላም፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ኸርሊንግሃም ክለብ ለርግብ ተኩስ ውድድር ተመሠረተ። በ1874 በሜዳው ፖሎ መጫወት ተጀመረ፤ የርግቡ ተኩስም በ1905 ቀረ። ይህ ክለብ ከፖል ሞል የሚለየው የአትክልት ስፍራ ስላለው ነው። በበጋ አባላት ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ጨዋታ ይመለከቱ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ይጠጡ ነበር። ቴኒስና ክሮኬ ከተጨመሩ በኋላ ቤተሰብ ተመልካች ብቻ መሆኑ ቀርቶ ተጫዋችም ሆነ። ዛሬ «የቤተሰብ ቀን» የምንለው የክለብ ዝግጅት ሥሩ እንዲህ ባለው ሣር ሜዳ ላይ ነው።

በዚያው በ1874 በማዕከላዊ ለንደን ሌላ ዓይነት መልስ ተሞከረ። አልቤማርል የተባለ ክለብ ወንዶችንም ሴቶችንም በአባልነት የሚቀበል ሆኖ ተቋቋመ። ኦስካር ዋይልድና ባለቤቱ ኮንስታንስ ሁለቱም የዚህ ክለብ አባላት ነበሩ። የኩዊንስቤሪው ባላባት በየካቲት 1895 ዋይልድን ለፍርድ ቤትና በመጨረሻም ለእስር ያበቃውን የስድብ ካርድ ለበረኛ ትቶ የሄደው በዚህ ክለብ ነው። ይህ ቅሌት የክለቡን ስም በታሪክ ሲያኖር፣ ከዚያ ይልቅ ልናስታውሰው የሚገባንን ነገር ሸፈነው፦ ወይዘሮ ዋይልድ በዚያ በር የምትገባው በባሏ ስም ሳይሆን በራሷ ነበር።

እነዚህን የ1874 ሁለት ክስተቶች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ኸርሊንግሃም ለቤተሰብ መስተንግዶ ሰጠ፤ አልቤማርል ለሴት አባልነት ሰጠ። ጨዋታው፣ ሣሩና ቀዝቃዛው ወይን የመጀመሪያውን ይበልጥ ማራኪ አደረጉት። የእንግሊዝ ክለቦች በአብዛኛው የተከተሉትም ይህንኑ መንገድ ነው። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ቀስ በቀስ የሴቶች መመገቢያ ክፍል፣ የሴቶች መግቢያ፣ የሴቶች ምሽት ተሰናዳ። አቴኒየም በ1930ዎቹ ለሴቶች እንግዶች የተለየ ክፍል አደራጀ። እያንዳንዱ እርምጃ ቸርነት ነበር፤ ቸርነት የሚሰጠውም በባለቤቱ ፈቃድ ነው። እንግዳ ወይኑን ያደንቃል እንጂ በወይን ኮሚቴ ውስጥ አይቀመጥም፤ ጥቁር ኳስም አይጥልም።

ይህ ልዩነት ከማዕድ ያለፈ ነበር። ሚኒስትሮች፣ ዳኞች፣ የጋዜጣ አዘጋጆችና ምሁራን የሚተዋወቁት፣ ሹመትም የሚታሰበው በእነዚህ ክፍሎች ነበርና። ማርጋሬት ታቸር በ1975 የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ስትሆን፣ የፓርቲው ሰዎች መሰብሰቢያ የሆነው ካርልተን ክለብ ግራ ተጋባ፤ መሪዋን ውጭ ማቆም አልቻለም፣ ሴትን አባል ማድረግም ደንቡ አልፈቀደለትም። መፍትሔ ያደረገው የክብር አባል ብሎ መሰየምን ነበር። ለሌሎች ሴቶች ሙሉ አባልነት የተፈቀደው በ2008 ነው። ሪፎርም በ1981፣ አቴኒየም በ2002 ሴቶችን በአባልነት ተቀብለው ነበር። በ1831 የተመሠረተው ጋሪክ ክለብ ግን እስከ ግንቦት 2024 ድረስ ቆይቶ፣ 60 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጪዎች ሲደግፉ በሩን ከፈተ።

የ2010ሩ የብሪታንያ የእኩልነት ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ያሰፈረው መስመር የዛሬውን መከራከሪያዬን ያጠናክራል። ሕጉ የወንዶች ብቻ ወይም የሴቶች ብቻ ክለብ እንዳይኖር አልከለከለም። የከለከለው፣ 25 እና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት ክለብ ሁለቱንም ጾታ ከተቀበለ በኋላ አንዱን ዝቅተኛ አባል አድርጎ መያዝን ነው። በሌላ አነጋገር ሕግ አውጪው በሩን ከመዝጋት ይልቅ፣ ግማሹን ከፍቶ «ገብታችኋል» ማለትን ነው በደል ብሎ የቆጠረው።

ውድ ተማሪዎች፤ የተቋማትን ታሪክ ስትመረምሩ «ማን ተጋበዘ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ እንዳያረካችሁ አደራ እላለሁ። የግብዣ መዝገብ፣ የወይን ዝርዝር፣ የበዓል ፎቶግራፍ ሁሉም ሰው ያለበት ያስመስላል። በፎቶግራፉ ላይ ልጆች ይሮጣሉ፣ እናቶች ብርጭቆ ይዘው ይሥቃሉ፤ ደስታውም እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ከጎኑ አስቀምጡና ድምፅ የሰጡትን ስሞች ቁጠሩ። የእነዚያ ስሞችና የፎቶግራፉ ፊቶች የማይገጣጠሙበት ቦታ ላይ፣ የምትጽፉት ታሪክ ይጀምራል።