የመንግሥት ሐኪም ቤትና የግል ሐኪም ቤት

በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የምንኖር ተማሪዎች «ሕክምና የመንግሥት ይሁን ወይስ የግል?» በሚለው ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። አንዱ ወገን «የመንግሥቱ ርካሽ ነው» ይላል፤ ሌላው «የግሉ ወረፋ የለውም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት ስለ ሆነ ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ ነገሩን ከታሪክ ልናየው ወደድን።

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ሀገራችን የገባው በስጦታ መልክ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ያለ ዋጋ ያክሙ ነበር። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ገደማ አቋቋሙ፤ ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ዛሬ የካቲት 12 የሚባለውን ቤተ ሳይዳን አሠሩ። ሚሲዮናውያንም የበኩላቸውን ከፈቱ። ነገር ግን ስጦታ የሚደርሰው በር ላይ ለተገኘ ሰው ነው፤ አብዛኛው በር ደግሞ አዲስ አበባ ነበረ።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የቆመው በ1940 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ከግብር በሚገኝ ገንዘብ ሕዝባቸውን ሁሉ ማከም ጀመሩ። በእኛ ሀገር ግን የጤና መኰንኖችን የሚያሠለጥነው የጎንደር ኮሌጅ እንኳ የተከፈተው ገና በ1947 ዓ.ም. ነው። በደርግ ዘመን የአድቬንቲስት ሚሲዮን ይመራው የነበረው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የመንግሥት ሆነ፤ የግል ሕክምናም ጠበበ። በመስከረም 1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ ግን ባለሀብቱን ጋበዘ፤ በእኛም ከተሞች አስፋልት ዳር ክሊኒኮች በረከቱ። ኋላም በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያክም የግል ክፍል ተከፈተ። ሐኪሙ ያው፥ ሕንፃው ያው፥ ዋጋው ግን ሌላ። ይህ የመንግሥት ነው ወይስ የግል? የክርክራችን ዳኛ ቢጠየቅ ይቸገራል።

በእኛ አስተያየት ከሕንፃው ባለቤት ይልቅ የሚያስጨንቀው ገንዘቡ የሚከፈልበት ሰዓት ነው። ከሱሉልታ በእንጦጦ፥ ከቡራዩ በአስኮ፥ ከሰበታ በዓለም ገና አድርጎ በሌሊት ሕመምተኛ ይዞ የሚወርድ ቤተሰብ ለመኪና ከፍሎ ሲያበቃ የግሉ ሆስፒታል ማስያዣ ይጠይቀዋል። በመንግሥቱ ደግሞ አልጋ ቢገኝ እንኳ «መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ» ሊባል ይችላል። ብድር የሚለመነው፥ በሬ የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው።

ሕዝባችን ይህን ችግር ለሞት ጊዜ ከቆየ በፊት ፈትቶታል፤ በየወሩ ለእድር እያዋጣ ድንኳኑንና ንፍሮውን አስቀድሞ ያሰናዳል። ለበሽታ ግን እንዲህ ያለው መዋጮ በመንግሥት ሥርዓት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ኋላ ተስፋፋ። ቤተሰቡ በዓመት ያዋጣል፤ ለድኻው መንግሥት ይከፍልለታል፤ የታመመው ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፥ ሲጸናበትም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ጉድለትም አለው። የመንግሥቱ መድኃኒት ቤት ባዶ ሲሆን ባለ ካርዱ ማዘዣውን ይዞ ወደ ግሉ ይሻገራል፥ ብዙ ጊዜም ከኪሱ ይከፍላል። የሚቀጥለው ክርክራችን በዚህ ባዶ መደርደሪያ ላይ እንዲሆን ለጓደኞቻችን አሳስበናል።