ሣህለ ሥላሴ፣ መንዝና የሸዋ ንግሥና

ዛሬ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ማዕከል የሆነችው ዘመሮ ከምትገኝበት ደጋ የሸዋ ገዥዎች ሥርወ መንግሥት የተነሣው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ መሥራቹ የአጋንቻው ነጋሢ ክርስቶስ ለሥልጣኑ የአፄ ኢያሱን ዕውቅና ፍለጋ ጎንደር ሄዶ እዚያው በፈንጣጣ እንደሞተ ይነገራል። ተከታዮቹ ግን ማዕረግን ከጎንደር መጠበቁን እያደር ትተውታል። መጀመሪያ መርዕድ አዝማች በሚል የሸዋ ገዥዎች መለያ በሆነ የጦር ማዕረግ ገዙ፤ ቀጥሎ ወሰን ሰገድ ራስ ተባለ፤ ልጁ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ ራሱን ንጉሥ ብሎ አወጀ። ይህ ሰው በሸዋ ታሪክ ጸጥታ ያሰፈነና አገር ያቀና ገዥ ሆኖ ሲወደስ ኖሯል። ውዳሴው መሠረት አለው፤ ሆኖም ሥልጣኑን የያዘበት መንገድና ሥልጣኑን ያቆየበት ዘዴ ተያይዘው ካልተመረመሩ፣ ያቆመው መንግሥት እርሱ በሞተ በስምንት ዓመት ውስጥ ለምን እንደወደቀ መረዳት አይቻልም።

በ1813 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ወሰን ሰገድ በመቀመጫው በቁንዲ በገዛ አሽከሩ እጅ ሲገደል፣ አልጋ ወራሹ የበኩር ልጁ በኩሬ ነበር። በኩሬ በዚያን ጊዜ መርሐቤቴ ላይ ነበረና፣ አገሩን የያዙት ዓመፀኞች መንገዱን ስላወኩበት በጊዜው ሊደርስ አልቻለም። ታናሽየው ሣህለ ሥላሴ ግን ከእናቱ ከወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ጋር ሰላ ድንጋይ ተቀምጦ በገዳሙ ይማር ነበር። ወሬው እንደደረሰው የእናቱን ወገኖች፣ የመንዝና የግሼን ሰዎች፣ አሰባስቦ ቁንዲን ቀድሞ ያዘና በአባቱ ቦታ ተተካ። በኩሬ ዘግይቶ ሲደርስ የጠበቀው አልጋ ሳይሆን የጎንቾ እስር ቤት ነበር።

ይህ ድርጊት በዕድል ወይም በፈጣን ፈረስ ብቻ የሚተረጎም አይደለም። በመንዝ ርስት፣ ማለትም ከአንድ አቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ የማይነቀል የመሬት መብት፣ በአባትም በእናትም በኩል ይጠየቅ ነበር፤ ባለርስት ነኝ ባዩ የትኛውን የዘር ሐረግ ቢያጠብቅ እንደሚያዋጣው ያውቅ ነበር፣ ከጎኑ የሚቆምለትን ወገንም የሚያገኘው በዚያ ሐረግ ነበር። ለሣህለ ሥላሴ የእናቱ አገር ያደረገለትም ይህንኑ ነበር፤ በበኩርነት የተነፈገውን በእናቱ ወገኖች ክንድ አገኘው። ዘነበ ወርቅም ውለታዋ አልተረሳም፤ ሰላ ድንጋይ ተቀምጣ መንዝን ታስተዳድር ስለነበር፣ በ1842 የፀደይ ወራት ወደ ሰሜን የተጓዘው ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ወደ ግሼ ከማቅናቱ በፊት ደጅ የጠናው እርሷ ዘንድ ነው።

የንጉሡ መልካም ሥራ ሊካድ አይገባም። በ1829 ግድም ረኃብ በገባ ጊዜ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ ከፍቶ እህል አከፋፍሏል፤ አንጎለላን ቆርቁሯል፤ ሰሜኑ በመሳፍንት ጦርነት ሲታመስ ሸዋን ከዚያ ሁከት ጠብቆ አቆይቷል። ነገር ግን ይኸው ጸጥታ በዳር አገር በሚካሄድ ዘመቻ የሚደገፍ ነበር። በየዓመቱ በተደጋጋሚ በሚወጣው ዘመቻ በአጎራባች የኦሮሞ አገሮች መንደር ይቃጠል፣ ከብት ይነዳ፣ ሴትና ሕፃን ይማረክ ነበርና፣ የደጋው ሰላም ዋጋ የተከፈለው በሌላው ሕዝብ ደም መሆኑን ሳይጠቅስ የሚያልፍ የሕይወት ታሪክ ሙሉ ሊባል አይችልም። በሃይማኖትም ቢሆን ለክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለው የሚለውን የሦስት ልደት ትምህርት ደግፎ፣ በ1841 ከግብፅ ከመጡት ከአቡነ ሰላማ ጋር ተጋጭቷል፤ በዚህም የገዛ አገሩን ካህናት ለሁለት የሚከፍል ጠብ አባብሷል።

ምኞቱና ስጋቱ ጎልተው የሚታዩት ከአውሮፓውያን ጋር ባደረገው ግንኙነት ነው። በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድን 300 ጠመንጃ ይዞለት መጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር 16 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ በ1843 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ታሰረ። እንግሊዞች ክፍት ገበያ ይፈልጉ ነበር። ንጉሡ የፈለገው ግን መሣሪያና የእጅ ባለሙያ ሲሆን፣ ነጋዴ እንደልቡ በአገሩ እንዲዘዋወር መፍቀድ አልሆነለትም፤ ጠመንጃ በእርሱ ግምጃ ቤት እንጂ በሌላ ሰው እጅ እንዲገባ የሚፈቅድ ገዥ አልነበረም። በመሆኑም የእንግሊዞቹ ውል ወረቀት ላይ ቀረ። ያንኑ ጥርጣሬ በጎንቾም ማየት ይቻላል። ወንድሙን ቀድሞ አልጋ የያዘ ሰው፣ ሌላው ደግሞ እርሱን እንዳይቀድመው የዘመዶቹን እጅ በሰንሰለት አሰረ፤ እስረኞቹ የተፈቱትም በ1843 ንጉሡ ታሞ ሳለ በሃሪስ ልመና ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በገዛበት ጊዜ ውስጥ ያለ ጠብ አልጋ የሚተላለፍበትን ሥርዓት አለማቆሙ ከጥፋቶቹ ሁሉ የከፋው ነው።

ሣህለ ሥላሴ በ1847 ደብረ ብርሃን ላይ ሞተ። ከሸዋ ያለፈ ተስፋ እንደነበረው የሚያመለክተው፣ በ1844 ለተወለደው የልጅ ልጁ ምኒልክ የሚለውን የመጀመሪያውን ሰሎሞናዊ ንጉሥ ስም ያወጣለት እርሱ ነው የሚለው ትውፊት ነው፤ እርሱ ግን ንጉሠ ነገሥት ለመባል አልደፈረም። በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ከወሎ ተነሥተው ሸዋ ሲገቡ፣ ልጁ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታሞ ሞተ፣ ትንሹ ምኒልክም ተማርኮ ተወሰደ። ቴዎድሮስ ሸዋን ከሣህለ ሥላሴ ልጆች ለአንዱ፣ ለኃይለ ሚካኤል፣ ሲሰጡ ንጉሥ የሚለውን ማዕረግ ሽረው ወደ ጥንቱ መርዕድ አዝማችነት መለሱት። ከእርሱ በኋላ የተሾመው አቶ በዛብህ ሸፍቶ ራሱን ንጉሥ ሲያሰኝ ሸዋ እንደገና ቀድሞ ለያዘ ሰው ክፍት ሆነች፤ ምኒልክም በ1865 በምርኮ ከተያዘበት ከመቅደላ አምልጦ የአያቱን አልጋ ያገኘው በዛብህን በጦርነት ካሸነፈ በኋላ ነው።