የፕሌይስቴሽን ገበያ በጅግጅጋና በሰሜናዊ የሶማሌ ክልል ከተሞች

እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች በጅግጅጋም «ፕሌይስቴሽን» ማለት ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ የጌም ማሽን ሁሉ ማለት ነው። ውስጡ የተቀመጠው የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ቢሆን እንኳ ቤቱ «ፕሌይስቴሽን ቤት» ይባላል። ሶኒ፣ ማይክሮሶፍትና ኔንቴንዶ በዓለም ዙሪያ የሚያካሂዱት ፉክክር እዚህ ማን ዘንድ እንዳዘነበለ ከዚህ አጠራር በላይ የሚመሰክር የለም። መጣጥፉ የሚመለከተው የፋፈንና የሲቲ ዞኖችን ከተሞች ነው፤ ጅግጅጋን፣ ቀብሪበያህን፣ ሐርትሼክን፣ ቶጎ ውጫሌን፣ አውበሬን፣ ሽንሌንና ደወሌን የመሳሰሉትን።

በሌላ አገር ይህ ፉክክር የሚካሄደው በማስታወቂያ፣ በቅናሽና ጌም ቀድሞ በማውጣት ነው። በዚህ አካባቢ ግን አሸናፊውን የሚለዩት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ዕቃው የገባበት መንገድ፣ ዲስኩ መቀዳት መቻል አለመቻሉ፣ ጆይስቲኩ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው መኖሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግር ኳስ።

ዕቃው የሚገባበት መንገድ

ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ በመኪና ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የሶማሌላንድ ድንበር ግን ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከበርበራ ወደብ የተነሳ ዕቃ በሐርጌሳ አድርጎ በቶጎ ውጫሌ ይገባል፤ ከዚያ በጅግጅጋ፣ በካራማራና በባቢሌ አልፎ ወደ ሐረርና ወደ መሀል አገር ይዘልቃል። በተቃራኒው አቅጣጫ ከአወዳይ የሚነሳው ጫት በየቀኑ በዚሁ መንገድ ወደ ሶማሌላንድ ይወጣል። የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ ብርን፣ ሽልንግንና ዶላርን በአንድ ኪስ ይዞ ሲገበያይ ማየት ብርቅ አይደለም።

ይህ መንገድ ለኤሌክትሮኒክስ ያለው ታሪክ ከጌም ማሽኖች ይቀድማል። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ የሸሸው ሕዝብ በሐርትሼክ ሰፈረ፤ መጠለያውም በዘመኑ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆነ። ከስደተኛው ጋር ገበያም መጣ። መጠለያው በ1996 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ሐርትሼክ የሬዲዮ፣ የቴፕና የአልባሳት ኮንትሮባንድ መናኸሪያ በመሆን ስሟ ገኖ ነበር። በኋላ ድርሻዋን ቶጎ ውጫሌና ጅግጅጋ ወሰዱት።

በሰሜን በኩል ያለው የሲቲ መስመር የተለየ ነው። እዚያ ዕቃው ከጅቡቲ በደወሌና በአይሻ በኩል ወደ ሽንሌና ወደ ድሬዳዋ ይመጣል። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር እስኪቆም ድረስ የኮንትሮባንድ ጓዝ ማጓጓዣም ነበር፤ «ታይዋን» የሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ዝናውን ያገኘው በዚህ ዓይነቱ ዕቃ ነው። ሽንሌ ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ የራሷ የሚባል የጌም ማሽን ገበያ የላትም፤ ሸመታዋ ድሬዳዋ ነው።

የጠረፍ ንግድ ፈቃድ በዋናነት የተፈቀደው እንደ ሩዝ፣ ፓስታና ዘይት ላሉ የዕለት ፍጆታዎች ነው። የጌም ማሽን በሕጋዊ መንገድ ይግባ ከተባለ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ እየተደራረቡ ይጫኑበታል። አገሪቱ የምትጥለው የጉምሩክ ቀረጥ ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው። ከቀረጡም በላይ የሚከብደው ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ነበር፤ መድኃኒትና መለዋወጫ አስመጪው ወረፋ ሲጠብቅ የመጫወቻ ነጋዴ ተራው መቼም አይደርስም ነበር። ስለዚህ አንድም በድንበር ይሾልካል፣ አንድም ከዱባይ በመንገደኛ ሻንጣ ይመጣል፣ አንድም ውጭ የሚኖር ዘመድ ይልከዋል። የጉምሩክ ኮሚሽን በየሳምንቱ በሚያወጣው የኮንትሮባንድ መግለጫ የጅግጅጋ ቅርንጫፍ ስም ከአዋሽና ከድሬዳዋ ጋር የማይጠፋውም፣ ኤሌክትሮኒክስ ከአልባሳት ቀጥሎ የሚጠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሶኬት ምስክርነት

የአንድ ማሽን አመጣጥ ከሶኬቱ ይታወቃል። ከዱባይ የመጣ ማሽን ሦስት ወፋፍራም እግር ያለው የእንግሊዝ ሶኬት ይዞ ይመጣና ማቀያየሪያ ይፈልጋል። በጅቡቲ በኩል የገባው ሁለት ክብ እግር ያለው የፈረንሳይ ሶኬት ስላለው ኢትዮጵያ ግድግዳ ላይ ያለ ችግር ይገባል። ከአሜሪካ የተላከው ጠፍጣፋ እግር አለው። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነበር።

ሚኒሶታና ኦሃዮ ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸው ግዛቶች ናቸው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽን 2 ማሽኖች የሚሠሩት በ120 ቮልት ብቻ ነው፤ የኤክስቦክስ 360 እና የኔንቴንዶ ዊ የአሜሪካ አዳፕተሮችም እንደዚሁ። የኢትዮጵያ መብራት ደግሞ 220 ቮልት ነው። ከአጎት የተላከ ስጦታ በመጀመሪያው ቀን ሽታውን አውጥቶ የሚቃጠለው በዚህ ነበር፤ ትራንስፎርመር ገዝቶ ማስገባት እንደሚያስፈልግ የሚነግር የለማ! ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ይህ ጣጣ በእነሱ ቀርቷል።

ገዢው ማነው

በአሜሪካ ወይም በጃፓን የጌም ማሽን የሚገዛው ቤተሰብ ነው። በጅግጅጋ የገበያው ዋና ደንበኛ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚከፍት ወጣት ነው። ከጆተኒና ከፑል ጎን ለጎን፣ አንዳንዴም እነዚያን አስወጥቶ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን ይደረድራል። ክፍያው በሰዓት ወይም በጌም ነው። በጌም ሲሆን ተሸናፊው ከፍሎ ይነሣል፣ አሸናፊው ጆይስቲኩን እንደያዘ ተረኛውን ይጠብቃል። ጎበዝ ተጫዋች በዚህ ሥርዓት ሳንቲም ሳያወጣ ከሰዓቱን ሊያሳልፍ ይችላል። በረመዳን ሥራው የሚሞቀው ከኢፍጣር በኋላ ነው። የወላጅ ስሞታ መቼም አይጠፋም፤ ተማሪ ክፍል ጥሎ እዚያ ይገኛልና። በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም በትምህርት ቤት አቅራቢያ ያሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶችን ከጫትና ከሺሻ ቤቶች ጋር የማሸግ ዘመቻ ደጋግሞ ይካሄዳል። ሺሻና እግር ኳስ ጌም በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠራታቸው ለጌሙ የሚገባው አይመስልም።

ይህ የንግድ መልክ የማሽኑን ምርጫ ይወስናል። ባለ ቤቱ የሚፈልገው ለሁለት ሰው የሚሆን፣ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅና ተመልካች ሳይቀር የሚጮህበት ጨዋታ ነው። ይህንን የሚያሟላው የኮናሚው ፔስ ወይም የኢኤው ፊፋ ነው። የኔንቴንዶ ማሪዮና ዜልዳ በየትኛውም ሚዛን የተዋጣላቸው ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ለሰዓታት ብቻውን ቁልፍ ሲፈልግ የሚከፍልበት ፕሌይስቴሽን ቤት የለም። በዓለም ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠው የኔንቴንዶ ማሽን ስዊች በጅግጅጋ ሱቆች መልኩ የማይታወቀው ጥራት ጎድሎት ሳይሆን ለዚህ ንግድ ስላልተፈጠረ ነው።

ፔስ ከፊፋ ጋር የነበረው ፉክክርም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚመጡት የፊፋ ዲስኮች የአረብኛ ሐተታ አላቸው፤ በቁርአን ትምህርት ቤትና በዓረብ አገር ሥራ ምክንያት አረብኛ ለማይርቀው ሕዝብ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አስተያየት ሰጪው «ጎል» ብሎ ሲጮህ የሚያስደስተው በሚያውቁት ቋንቋ ሲሆን ነው።

ዲስክ፣ ቺፕና ጥገና

ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀርቦ በዓለም ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ከዚያ በላይ የተሸጠ የጌም ማሽን የለም። ለኢትዮጵያ ከተሞች የተስማማው ግን በብዛቱ አይደለም። በጥቂት ገንዘብ ቺፕ ከተገጠመለት ተራ ዲቪዲ ላይ የተቀዳ ጌም ያነብባል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ስስ ሞዴል ደግሞ ከመጽሐፍ እምብዛም ስለማይበልጥ በሻንጣ ለማምጣት ይመቻል። አንድ ኦሪጅናል ዲስክ ከአንድ የቀን ሠራተኛ የብዙ ቀን ደመወዝ በሚበልጥበት አገር፣ ቅጂ የሌለበት ማሽን ገበያ አያገኝም። የቅጂ ሥራ የሕግ ጥሰት መሆኑ የታወቀ ነው፤ የጌም ባህሉን ያቆመው እሱ መሆኑም እንዲሁ።

ኤክስቦክስ 360 ለመፎካከር ዕድል ነበረው። እሱም ተቀድቶ ይሠራ ነበር፤ ዋጋውም ከፕሌይስቴሽን 3 ያነሰ ነበር። ችግሩ ሙቀት ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች በሙቀት ምክንያት እየሞቱ ሦስት ቀይ መብራት ያበሩ ስለነበር ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበለት። ያ ዋስትና ቶጎ ውጫሌን አያውቃትም። አቧራ በሚነፍስበት ከተማ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይጠፋ የሚውል ማሽን እንዲህ ዓይነት ሕመም ካለው ባለቤቱን ያከስራል። ጠጋኙም የለመደው የሶኒን ጆይስቲክ ነው፤ የላላ አናሎግና የተጣበቀ ቁልፍ ለመቀየር ከሌላ አሮጌ ጆይስቲክ ዕቃ ይነቅላል። አሮጌ ጆይስቲክ የሚበዛው ደግሞ ማሽኑ የበዛበት ዘንድ ነው። ብዙ ያለው ይጨመርለታል።

ትውልድ የሚሻገረውም በዝግታ ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው የመጨረሻው ፊፋ፣ ፊፋ 14 ነው፤ ለፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ፊፋ 19። ከዚያ በኋላ የተጫዋቾችን ዝውውር አስተካክለው ዲስክ የሚያዘጋጁ የግል ባለሙያዎች አሮጌውን ማሽን ዕድሜ ቀጠሉለት። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ፔስን ወደ ነፃና ኢንተርኔት ላይ ወደሚኖር «ኢፉትቦል» ሲለውጠው፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ፔስ 2021 የመጨረሻው ሙሉ ፔስ ሆኖ ቀረ።

የኢንተርኔቱ ጉዳይ የኔትወርክ ጥራት ብቻ አይደለም። የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ከሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችበትም፤ ተጫዋቹ የሌላ አገር ስም ይመርጥና በዶላር የተሸጠ የስጦታ ካርድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ዲስክ ማስገቢያ የሌላቸው ርካሽ ማሽኖች እዚህ ርካሽነታቸው የማይጠቅማቸው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በ299 ዶላር ሲወጣ ፕሌይስቴሽን 5 ባለ ዲስኩ 499 ዶላር ነበር። ሁለት መቶ ዶላር ቀላል ልዩነት አይደለም፤ ግን ጌሙን ከጎረቤት ተውሶ ማስገባት የማይቻልበት ማሽን ለጅግጅጋ ጌም ቤት ባዶ ሣጥን ነው።

ዋጋ

ፕሌይስቴሽን 5 በወጣበት ወቅት ዶላር በባንክ 38 ብር ገደማ ስለነበር 499 ዶላሩ ወደ 19 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዚህ ስሌት ያው ማሽን ቀረጥና ትራንስፖርት ሳይጨመርበት 60 ሺህ ብር ገባ። የምሥራቁ ነጋዴ ግን በዚህ ከመሀል አገሩ ያነሰ ደነገጠ ማለት ይቻላል፤ በድንበር የገባ ዕቃ ቀድሞም የሚተመነው በባንክ ሳይሆን በጎን ገበያው ዶላር ነበርና። ባንኩ ነው ወደ ቶጎ ውጫሌ ዋጋ የተጠጋው።

ክፍያው ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ቀድሞ በስልክ መፈጸም የጀመረበት አካባቢ ነው። በሶማሌ ክልል ሄሎካሽ የተለመደው ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመምጣቱ በፊት ነው። ጎረቤት ሐርጌሳ ደግሞ ዛድ የተባለ የስልክ ገንዘብ አላት።



አሁን ያለው ተቀናቃኝ

የፕሌይስቴሽን ቤቱ እውነተኛ ተፎካካሪ ኤክስቦክስ ሳይሆን ስልክ ነው። ፐብጂ ሞባይልና ፍሪ ፋየር የተባሉት ጌሞች በነፃ ይጫናሉ፤ ኢፉትቦልም በስልክ አለ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የኢትዮ ቴሌኮምን ብቸኝነት ካስቀረ ወዲህ የዳታ ፓኬጅ ፉክክር ተከፍቷል። ሆኖም በስልክ የሚጫወት ሰው የሚያሸንፈው የማያውቀውን ሰው ነው፤ በጌም ቤት የሚሸነፈው ጎኑ የተቀመጠው ጎረቤቱ ነው፣ ከዚያም ሲወጣ መንገድ ላይ ይቀለድበታል።

ለጊዜው ሚዛኑን የያዘው ፕሌይስቴሽን 4 ነው። አሮጌ ሲስተም ያለበት ማሽን ተፈልጎ ይገዛል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ይፋ በሆነው ዘዴ እስከ ቁጥር 9.00 ያለውን ሲስተም ከፍቶ ጌም በሃርድ ዲስክ መጫን ይቻላል። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን ሲሸጥ ገዢው ከመልኩ በፊት የሲስተሙን ቁጥር ያያል፤ ሳያስተውል «አፕዴት» ያደረገ ሻጭ ዋጋው ይወርድበታል። ወደ ፕሌይስቴሽን 5 ለመሻገር የሚያስገድድ ነገርም ገና አልመጣም፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የወጣው የፊፋ ተተኪ ኤፍሲ 26 ለፕሌይስቴሽን 4ም ተሠርቷል።