ፈሳሽ የጠማው ጄትፋየር

ቱርቦ በጭሱ ጉልበት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ በግፊት ያስገባል። ግፊቱ ሲጨምር ቤንዚኑ አብሮ ካልጨመረ፣ የካንዴላው እሳትም ጥቂት ካልዘገየ፣ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ብሎም ፒስተን ይበሳል።

የአሜሪካው ኦልድስሞቢል በ1962 እ.ኤ.አ. ጄትፋየር የተባለችውን ባለ ቱርቦ መኪና ሲያወጣ ኮምፕረሽኑን 10.25 ለ1 አደረገው። ለቱርቦ ይህ ድፍረት ነው! ማንኳኳቱን ለማብረድ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ሞተሩ ይረጭ ነበር። 3.5 ሊትሩ ሞተር 215 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ችግሩ፣ የፈሳሹን ዕቃ መሙላት ለባለመኪናው የተተወ ነበር። ብዙዎቹ ረሱት። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናዋ ለደኅንነቷ ግፊቱን ትቀንሳለች፤ ባለቤቱም «ጉልበት አጣች» እያለ ያማርራል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የባለቤቶቹ ብቻ አይደለም፤ ቤንዚን ቀድቶ መሄድ የለመደን ሰው ሌላ ፈሳሽ አስታውስ ማለት ከባድ ነው። መኪናዋ በ1963 ቀረች፤ ኩባንያውም በኋላ የብዙዎቹን ቱርቦ አውጥቶ ተራ ካርቡሬተር ገጠመላቸው።

የስዊድኑ ሳብ በ1977 ባወጣው 99 ቱርቦ ኮምፕረሽኑን ወደ 7.2 ዝቅ አደረገ። በ1982 ሞዴሎቹ ግን ማንኳኳቱን የሚያዳምጥ መሣሪያ ሞተሩ ላይ ገጠመ። መሣሪያው ድምፁን እንደሰማ ግፊቱ በራሱ ይቀንሳል። ኮምፕረሽኑም ወደ 8.5 ከፍ አለ።