እንዶድ፣ ዲዲቲ እና የቤታችን መደርደሪያ

እስቲ ዛሬ ከሮቤ ወደ ጎባ አብረን እንሂድ። መንገዱ አጭር ነው፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ። ብርዱ ግን ረጅም ነው፤ ጋቢ ያልያዘ ይቆጨዋል! ጎባ ስንደርስ አንድ ሱቅ ጎራ እንበልና መደርደሪያውን እንየው። ኦሞ፣ በረኪና፣ የበረሮ መድኃኒት፣ የፀጉር ማለስለሻ፣ በጥቂት ቀን ፊት አቀላለሁ የሚል ክሬም... በሰው ልጅ ዕድሜ ሲለካ ሁሉም የትናንት እንግዶች ናቸው። ለመሆኑ ከእነሱ በፊት የባሌ ደጋ እናቶች ያንን ነጭ ጋቢ በምን ያነጡት ነበር?

መልሱ አጥር ሥር ይበቅላል። እንዶድ! በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። ፍሬው ሳይቀላ ገና አረንጓዴ እያለ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከውኃ ጋር ሲታሽ እንደ ሳሙና ያረፋል። አረፋውን የሚያመጣው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ለጠላ ጋን ማጠቢያ ግራዋ፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛና ለጥርስ መፋቂያ ደግሞ ወይራ ነበሩ። ሱቁ ጓሮ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ እንደኛ ያለ ከተሜ ወጣት ቶሎ ይፈርዳል፤ "በቃ፣ ኬሚካል መርዝ ነው፣ የተፈጥሮ ነገር ደግሞ ንጹሕ!" ይላል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ታሪኩ እንደዚያ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ አድዋ ነበሩ። የሚያጠኑት ቢልሃርዝያን ነው። ይህን በሽታ የሚያስተላልፈው ጥገኛ ትል ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ልብስ የሚያነጣው አረፋ ቀንድ አውጣ ይገድላል ማለት ነው! እዚያው አድዋ ላይ እንዶድ ለዓመታት ከተሞከረ በኋላ በትናንሽ ልጆች ላይ የነበረው የቢልሃርዝያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ልብ በሉ፤ ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት ነው። በመካከሉ ምን ነበር? ጥያቄ። "ለሰውስ አይጎዳም? ለዓሣስ? በደንቡ በተሠራ ላቦራቶሪ የተመረመረ ማስረጃ አምጡ" የሚል ጥያቄ። በእርግጥ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ፅንስ ለማስወረድ ብለው የጠጡት ሴቶችም ተጎድተውበታል። የአያቶቻችን ብልሃት እንግዲህ "ንጹሕ" ነገር ማግኘታቸው አልነበረም። የያዙት ነገር ኃይለኛ መሆኑን ማወቃቸው ነበር። ለልብስ እንጂ ለሆድ አይሆንም፤ ዱቄቱም ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል።

አሁን ሌላውን ነጭ ዱቄት እንመልከት። ዲዲቲ ተባይ ገዳይ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1939 ያወቀው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር ነው፤ በ1948 ኖቤል አገኘበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኔፕልስ ከተማ ውስጥ ቅማል የሚያስተላልፈውን ተስቦ ለማቆም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ላይ፣ በፀጉሩና በልብሱ ውስጥ ተነፋ። ተስቦውም ቆመ። ግን ለእንዶድ የቀረበው ያ ሁሉ ጥያቄ የት ነበር? የዓለም ጆሮ የቆመው ሬቸል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 መጽሐፏን ስታወጣ ነው። አሜሪካ በ1972 ከለከለችው። የስቶክሆልም ስምምነት በ2001 ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ2003 አጸደቀችው። ስምምነቱ ዲዲቲን የፈቀደው ለበሽታ አስተላላፊ ተባዮች መከላከያ ብቻ ነው።

እኛ አገር የወባ ማጥፋት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ከጀመረ በኋላ ዲዲቲ ለአሥርት ዓመታት በየቤቱ ግድግዳ ተረጭቷል። ለሮቤና ለጎባ ብርዱ ራሱ መድኃኒት ነው፤ የወባ ትንኝ ደጋ አትወድም። ከሳነቴ አምባ በሐረና ጫካ አልፎ ወደ ደሎ መና የወረደ ሰው ግን ወባን ያውቃታል። እዚያ ዲዲቲ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ችግሩ የመጣው ዱቄቱ ከረጪው እጅ ወጥቶ ገበያ ሲገባ ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ለትኋን፣ ለእህል ጎተራ፣ ለጫት ዋለ። ዲዲቲ ደግሞ ቶሎ አይጠፋም፤ ስብ ውስጥ ይከማቻል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በጅማ አካባቢ የተደረገ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ አግኝቶታል። በመጨረሻ ትንኟም ለመደችው፤ የአገራችን የወባ መከላከልም ወደ ሌሎች ፀረ ተባዮች ዞረ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ወደ ጎባው መደርደሪያ እንመለስ።

አንደኛ፣ በረኪና። ብቻውን ጠቃሚ ነው። ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከአንዳንድ የሽንት ቤት ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀል ግን ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1915 ኢፕር ላይ ወታደር የተፈጀበት ጋዝ ነው። "ደባልቄ ባጥብ የበለጠ ያነጣል" የምትሉ፣ እባካችሁ!

ሁለተኛ፣ ጀሪካን። ባሌ የስንዴ አገር ነው። ስንዴ ባለበት ደግሞ ቱፎርዲና ሌሎች የአረምና የተባይ መድኃኒቶች አሉ። ባዶው ዕቃ ያምራል፣ ክዳኑም ይገጥማል፤ ግን ቢታጠብም ለውኃም ለዘይትም ለጠላም አይሆንም። ሦስቴ አለቅልቆ፣ በስቶ፣ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፣ ፊታችን። ከማቅያ ክሬሞች መካከል ሜርኩሪ የሚገባባቸው አሉ፤ ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ገደብ አበጀለት። በ2023 ደግሞ አገሮች ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ጭራሹን እንዳይመረት ተስማሙ። ምን እንደገባበት ያልተጻፈበትን ክሬም አለመግዛት ጥሩ ጅምር ነው። "እኔ የአገር ቤት ኩል ብቻ ነው የምጠቀመው" የምትይ እህታችንም አታምልጪ! በብዙ አገሮች ኩል ሲመረመር እርሳስ ተገኝቶበታል (የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ማለታችን ነው)። ኩልም የተፈጥሮ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን "ተፈጥሮ ነው ወይስ ፋብሪካ?" ባይሆን ይሻላል። ለእንዶድ የቀረቡት ጥያቄዎች ለሁሉም ይቅረቡ፤ ምን አለበት? ምን ይገድላል? ለሰውስ? ዶክተር አክሊሉ ለአንድ የአጥር ሥር ፍሬ 25 ዓመት መልስ ሲፈልጉ ኖረዋል። እኛ ለክሬማችን ሁለት ደቂቃ ማንበብ አያቅተንም።

ቸር ይግጠመን!